ለሪዜ ብየ

ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ያን ጊዜ የአርባ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ አፈር ይቅለላትና ሳትሰማው ሞተች። ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። ንስሐ ስገባ ትንሹን ትንሹን ኃጢአት እየለቀምሁ አቀርብላቸውና ትልቁን በብብቴ ይዤው እወጣ ነበር። እናንተን አላውቃችሁም። ስለማላውቃችሁ ነው የምነግራችሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነውና አጻጻፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ። ነገሩን ግን አትለፉኝ።

ስሜ ፈንቴ ነው። የተወለድሁት ቋራ ነው፤ ጎጆ የወጣሁት ግን መተማ ቆላ ነው። ከሽንፋ ወዲያ፣ ጥጥና ሰሊጥ የሚያመርት የመንግሥት እርሻ ነበር። እኔ እዚያ የውሃ ሞተር የማስነሳና የምጠብቅ ሰው ነበርሁ። ከእርሻው ግርጌ፣ በግራሩ ጫካ ውስጥ፣ ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ሰዎች ሰፍረዋል። አፉ በሲሚንቶ የተሠራ አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ከዚያ በገመድ እየቀዱ ይጠጣሉ። ሌላ ውሃ ቢሉ ወንዙ ነው፤ ወንዙ ደግሞ እንስራ ለተሸከመች ሴት ሩቅ ነው።

ጥጥ ተባይ ይወዳል። ለተባዩ መድኃኒት በትራክተር ይረጫል። ትራክተሮቹ ጧት ከመሰማራታቸው በፊት የትናንቱ በርሜልና መርጫ ይታጠባል። እጣቢው ፊት በቦይ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። ኋላ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ መንሳፈፍ ሲጀምርና ከብት ያለው ሰው ሲጮህ፣ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡንና "እንግዲህ ይህን እጣቢ የት እናድርገው?" አሉ።

ማን አፉን ከፈተ? እኔ። "ደረቁ ጉድጓድ አለ አይደል፤ እሱ ይዋጠው" አልሁ።

ደረቁን ጉድጓድ በንጉሡ ጊዜ በገዛ እጄ የቆፈርሁት እኔ ነኝ። አንድ በጋ ውሃ ሰጠ፤ ከዚያ ከሥሩ ተሰነጠቀና የራሱንም ውሃ ዋጠው። ከዚያ ወዲህ የጨመሩበትን ሁሉ ይውጣል እንጂ አይሞላም። "የዚህ ጉድጓድ ሥር ወደ ምዕራብ ነው፤ የገባበት ሁሉ ከመሬት በታች ሱዳን ይገባል እንጂ ወደኛ አይመለስም" ብየ ተናገርሁ። አይቸዋለሁ? አላየሁትም። ስቆፍር ከድንጋዩ በታች ውሃ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። በዚያ በመሰለኝ ነገር ላይ ነው የሰው ነፍስ ያስቀመጥሁት። ቧንቧ ተዘረጋ። መዝጊያውን ጧት የምከፍተው፣ አጥበው ሲጨርሱ የምዘጋው እኔ ሆንሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የውሃ ኢንጂነር ከጎንደር መጣ። ሰሎሞን ይባላል፤ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በስምጥ ሸለቆ፣ በሐይቆቹ አጠገብ፣ ከመሬት ውስጥ እንፋሎት በሚያወጡበት ቦታ ሠርቷል። እዚያ ፍል ውሃ ያወጡና እንፋሎቱን ከተጠቀሙ በኋላ የተረፈውን መልሰው መሬት ውስጥ ያስገቡታል አለን። አስገብተው ግን ዝም አይሉም። በየት እንደሄደ፣ በየት ብቅ እንደሚል ይከታተሉታል። ደረቁን ጉድጓድ አየና ሳቁ ጠፋ።

"ጋሸ ፈንቴ፣ መሬት ከረጢት አይደለም። የከተቱበትን ሁሉ ይዞ አይቀመጥም" አለኝ።

"እኔ ይህን መሬት እናንተ ሳትወለዱ ነው የማውቀው" አልሁት።

"እሺ፣ ያውቁታል። እስኪ እንጠይቀው።"

በቆርቆሮ ያመጣውን በርበሬ የመሰለ ዱቄት በውሃ በጠበጠ። ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ አበራ፤ የሚያበራ ውሃ ከዚያ በፊት አይቸ አላውቅም። ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ ደፋው። ቀለሙ ራሱ ሰው አይጎዳም አለ። "ቀለሙ ሰፋሪዎቹ ጉድጓድ ከመጣ ግን፣ በመጣበት መንገድ መርዙም ይመጣል። ጧት ጧት ከጉድጓዳቸው ቀድተው ፀሐይ ላይ ይዩልኝ። አረንጓዴ ካዩ ማንንም ሳይጠይቁ መዝጊያውን በእጅዎ ይዝጉ። ከዚያ በእርሻው ሬዲዮ ይንገሩኝ።"

የቀን ሠራተኞቹ ከበው ይሰማሉ። በሰው ፊት አንድ የትናንት ልጅ የቆፈርሁትን ጉድጓድ ሲጠራጠርብኝ ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ ሪዛም ነበርሁ፤ የላይ ከንፈሬ ሪዝ ጫፉ ወደ ላይ ተጠምዝዞ ጉንጬ ላይ ይደርሳል። በመተማ ገበያ ሳልፍ ሰው በስሜ ሳይሆን በሪዜ ነው የሚጠራኝ። ያዝሁትና እንዲህ አልሁ፦ "ይህ ቀለም በሰፋሪዎቹ ጉድጓድ ከታየ፣ ይህን ሪዜን ተላጭቸ በሰው ፊት እሄዳለሁ!"

አያሌው የሚባል የጎጃም ሠራተኛ ነበር፤ ምላሱ አያርፍም። "ኧረ ጋሸ! ይህን የሚያህል ሪዝ ከሚያጡ ጉድጓዱን በላዩ ተኝተው ቢደፍኑት ይሻልዎታል" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢንጂነሩም ሳቀ። ሲሄድ ውሃውን የማይበትን ነጭ ሳህን ሰጠኝ። ሳህኑ ውስጥ አንድ ከወረቀቱ ያልተፈታ ምላጭ አስቀምጦ፣ "ምናልባት ካስፈለገ" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ወደ ሰፋሪዎቹ ጉድጓድ መውረድ ሆነ ሥራየ። እዚያ ነው አስካለን ያወቅኋት። ባሏንና ሌሎቹን ልጆቿን ድርቁ ወስዶባት፣ አንዲት ብርቄ የምትባል ልጅ ይዛ ነው ወሎን የለቀቀች። ብርቄ ጥርሷን ገና መንቀል የጀመረች ልጅ ናት። ቆላው አልተስማማትም፤ ወባ እየተወ ይይዛታል፤ ጣፊያዋ አብጦ ሆዷ ቀድሟት ይሄዳል። እኔን ስታይ ግን ትሮጣለች። ሪዜን ትይዝና "አባባ፣ ይህ ወፍ አይበርም?" ትለኛለች። "ሌሊት ይበርና ጧት ተመልሶ ያርፋል" እላታለሁ። እናቷ "ተይ አንቺ፣ ጋሸን አታስቸግሪ!" ትላለች። ልጅ አልወለድሁም። ያቺ ልጅ ሪዜን ስትጎትተው ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ምን እንዳጠፋሁ እንድታውቁ ነው።

ኅዳር ሚካኤል ጧት ነው። ቀዳሁ፤ ነጩ ሳህን ላይ ገለበጥሁ፤ ወደ ፀሐይ ዞርሁ። አረንጓዴ ነው። በጨለማ እንደሚያበራ የድመት ዓይን ያለ አረንጓዴ። ደፋሁትና ደግሜ ቀዳሁ። ያው ነው። ዓይኔን አሸሁት። ያው ነው። መሬት መለሰልኝ። በምዕራብ በኩል ሱዳን ይገባል ያልሁት ውሃ በምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ ሕፃናት በሚጠጡት ጉድጓድ ወጥቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

በዚያች ሰዓት ምን አሰብሁ? ስለ ሰዎቹ ያሰብሁ ይመስላችኋል? አያሌውን ነው ያሰብሁት። "ጋሸ፣ ወፉ የት በረረ?" እያለ ሠራተኛውን ሲያስቅብኝ ነው የታየኝ። ይህን ነው ያሰብሁት፤ ሌላ የለም።

ሳህኑን ሳልደፋው አስካለ ከኋላየ ቆማለች። ብርቄን አዝላለች፤ ልጅቱ ትኩሳት አድሮባታል። ውሃውን አየች፤ እኔን አየች። "ጋሸ፣ ይህ ምንድን ነው? ያበራል እኮ!" አለች። ሳህኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። "ዛሬ ሚካኤል አይደለም?" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎ የአገሩ ሰው ነዎት፤ ፊትም እንዲህ ሆኖ ያውቃል?"

እነሆ፣ እግዚአብሔር በሩን ወለል አድርጎ የከፈተልኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። "አትጠጡት" ማለት ለአፍ ይከብዳል? እኔ ግን ምን አልሁ? "ፊትም ይሆን ነበር ይላሉ፤ አባቶቻችን ጸበል ይሉት ነበር" አልሁ።

ይህን ያለ ሌላ ሰው የለም። እኔ ነኝ። ያሰብሁበትም ነው። ሰዎቹ ቀለሙን ጸበል ካሉት፣ ለኢንጂነሩ የሚነግርብኝ አይኖርም። ቤተ ክርስቲያናቸው ወሎ ቀርቷል፤ በሰፈራው ታቦት የለ፣ ጸበል የለ። የተጠማ ሰው ነበር፤ እኔም ያጠጣሁት ይህን ነው። አስካለ እልል አለች። ጎረቤቶቿ እየሮጡ መጡ። ሴቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከኩ። አንድ ሽማግሌ ሲሚንቶውን ተሳለመ። እኔ ነጩን ሳህን ይዤ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ ወጥቸ ሬዲዮ ክፍል ሄድሁ። ኦፕሬተሩ ጎንደርን ጠራልኝ። "ቀለሙ አልመጣም በለው" አልሁ። ኢንጂነሩ የመለሰውን ኦፕሬተሩ እየሳቀ ነገረኝ፦ "ለጋሸ ፈንቴ ሪዝዎ ተረፈ በልልኝ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ።" እኔም ሳቅሁ። መዝጊያውን ሄጄ ከፈትሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቴን "ከሰፋሪዎቹ ጉድጓድ መቅዳቱን ተይው፤ ለእኛ ከወንዝ በአህያ አስመጣለሁ" አልኋት። "ለምን?" ብትለኝ፣ "የወንዝ ውሃ ይጣፍጠኛል" አልኋት። ለራሴ መጠንቀቅን አልረሳሁም ማለት ነው።

ሰው ሱባዔ ገባ። በባዶ ሆድ እየጠጣ፣ በላዩ እያፈሰሰ፣ ድውዩን እያመጣ። አንዳንዱ አስመለሰው። "ኃጢአት እየወጣ ነው" አሉ። ተንቀጠቀጠ፤ "ርኩስ መንፈስ እየጮኸ ነው" አሉ። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ሽማግሌዎች ይነሡልኛል፤ ምክንያቱም ጸበል መሆኑን የመሰከርሁ እኔ ነኝ። የእርሻው ሠራተኛ ጸበል መፍለቁን ሰማ እንጂ ወርዶ የውሃውን መልክ አላየም።

አንድ ቀን አስካለን መንገድ ላይ አገኘኋት። ብርቄ ጀርባዋ ላይ አንገቷን ጥላለች። "ልጅቱ እንዴት ናት?" አልኋት። "ትድናለች፤ ጸበሉ እየታገለላት ነው" አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የእርሻው ክሊኒክ ድሬሰር የሰጣት የወባ ክኒን እዚያ ተቋጥሯል፤ አንዱም አልተነካም። "ጸበል ከጀመሩ ወዲያ መድኃኒት አይነካም አይደል ጋሸ? እንዳላረክሰው ብየ ተውሁት። ደግ አደረግሁ?"

ደግ አደረግሁ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን።

አፌን ከፈትሁ። "ጸበል አይደለም" ብል፣ ምን እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው። ምን እንደሆነ ብነግራት፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቅሁ ልትጠይቀኝ ነው። አፌን ዘጋሁ። "እንዳመንሽ ያድርግልሽ" ብያት ሄድሁ። ይህን ቃል ሳስበው እስከ ዛሬ ምግብ አፌ ውስጥ ይመርራል። እንዳመንሽ! እሷ ያመነችው እኔን ነበር እኮ።

ብርቄ ያንኑ ሰሞን ሞተች። ስደርስ ገና ትንፋሿ አልወጣም ነበር። ለሃጯ ይዝረበረባል፤ የዓይኗ ብሌን መርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ እጅና እግሯ ይንዘፈዘፋል። ድሬሰሩ "ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው" አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ክኒኑን አልወሰደችማ። እኔ ግን ባለፈው ዓመት አንድ የርጭት ሠራተኛ አፉን ሳይሸፍን ውሎ ሲወድቅ አይቸ ነበር። ለሃጩም፣ ዓይኑም፣ መንዘፍዘፉም ይኸው ነበር። ወባው ገደላት ወይስ መርዙ? ስንት ዓመት በዚህ ጥያቄ ተደብቄ ኖርሁ! አሁን ግን ልቤ ይህን ይለኛል፦ ወባው ከሆነ መድኃኒቱን የነጠቅኋት እኔ ነኝ፤ መርዙም ከሆነ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። በየትኛውም በር ብትወጣ እዚያ ቆሜ የምታገኘው እኔን ነው።

ሥራ አስኪያጁን ፈርቸ ነው ብላችሁ ታምኑኝ ነበር። የደርግ ዘመን ነው፤ ሰው በአፉ የሚጠፋበት ጊዜ ነው፤ ማን ይፈርድብኝ ነበር? ብዙ ሰው ያደረገውን ሁሉ በደርግ አሳቦ ታጥቦ ወጥቷል። እኔ ግን አልወጣም። ማንም አላስፈራራኝም። ማንም ዝም በል አላለኝም። እንዲያውም ዝጋ ነበር የተባልሁት፤ መዝጊያው በእጄ ነበር። ልጅቱን የሸጥኋት ለሪዜ ብየ ነው።

በኋላ ርጭቱ አበቃ፤ ጉድጓዱም በበጋው ጎደለ፤ ቀለሙም ጠፋ። ሰዎቹ ጸበሉ የሸሸው ከእነሱ ኃጢአት የተነሣ ነው ብለው አለቀሱ። ኢንጂነር ሰሎሞን ሌላ አገር ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ፤ ዳግም አላየሁትም። መንግሥት ሲለወጥ ሰፋሪዎቹ ወደ ወሎ ተመለሱ። አስካለ መኪና ላይ ስትወጣ ከጓዟ መካከል አንድ ትንሽ ጀሪካን አቅፋ ነበር። ከዚያ ጉድጓድ፣ ገና ቀለሙ ሳይጠፋ የቀዳችው ነው። ለአገሯ ሰው ለበረከት ልታካፍል። ያን ጊዜም አየሁ፤ ያን ጊዜም ዝም አልሁ። ማን ጠጣው? አላውቅም።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር የምትለኝ አንዲት ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ ምን እንደምትምረኝ አታውቅም። በሕይወት ካለች፣ ይህ ጽሑፍ ደርሷት የሚያነብላት ሰው ካለ፣ ይህን ስሚ አስካለ፦ ጸበል አልነበረም። ኃጢአቱም ያንቺ አልነበረም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ልጅቱን በቀበርን ማግስት ያደረግሁት። ይህን ለመጨረሻ ያስቀመጥሁት ከሁሉ ስለከበደኝ ነው።

በማግስቱ ጧት ኢንጂነሩ የሰጠኝን ምላጭ ፈታሁ። ነጩን ሳህን ከወንዝ በመጣ ውሃ ሞላሁና በውስጡ ፊቴን አየሁ። በሰው ፊት ምያለሁ፤ ቃሌን ለመፈጸም ነው አልሁ ለራሴ። ሪዜን ከሥሩ ላጨሁት። ከንፈሬን ብርድ መታው። ሳህኑን ደፍቸ ወጣሁ። አያሌው አይቶኝ ያንን ሁሉ ፌዝ ይጀምርልኛል ብየ ነበር፤ እንዲጀምርልኝም ፈልጌ ነበር። በዚያ ሰበብ አፌ ይከፈታል ብየ። አያሌው ግን ቆቡን አወለቀና አንገቱን ደፋ።

"እግዜር ያጥናዎት ጋሸ" አለኝ። "ለባዳ ልጅ ሪዙን የላጨ ሰው በእኛ አገርም አላየሁ።"

ለሐዘን መላጨት የአገሩ ወግ ነዋ። እንዴት ረሳሁት? የለቅሶው ድንኳን ዘንድ ስደርስ ሰዉ ሁሉ ተነሣልኝ። አስካለ ራሷን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ባዶውን ከንፈሬን አየችና ጉልበቴን አቅፋ አለቀሰች። "ወንድም የለኝ፣ አባት የለኝ፤ ማን ይላጭላታል ስል እርስዎ ተላጩላት! ጸበሉን ያሳየን ሚካኤል ይክፈልዎት!"

"አሜን" አልሁ።

ከዚያ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ወደ ሥራየ ወጣሁ። ትራክተሮቹ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ሞተሩን አስነሳሁ። መዝጊያውን ከፈትሁት።